«ሥራ ሲኖር እንጠራሃለን»

«ሥራ ሲኖር እንጠራሃለን» የምትለውን ባለ ሦስት ቃል ዓረፍተ ነገር አንድ የቅኔ መምህር ቢፈታት ምን ይላት ይሆን እያልሁ አስባለሁ። ሰሟ ተስፋ ነው፤ ወርቋ ውል ነው። ውሉም ሲገለጥ እንዲህ ይነበባል፦ አንተ ትጠብቀኛለህ፤ እኔ ግን ልጠራህ አልገደድም። ቀንህን ታዘጋጅልኛለህ፤ ያልተጠቀምሁበትን ቀን ግን አልከፍልህም። በጠራሁህ ጊዜ ባትገኝ በማግስቱ ሌላ ሰው እጠራለሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር በየግንባታው በር፣ በየመጋዘኑ፣ በየሆቴሉ ጓዳ፣ በየእርሻው እንሰማታለን፤ ሰምተንም እንደ ደግ ቃል እናልፋታለን። እኔ ደግ ቃል አይደለችም ባይ ነኝ።

እንግሊዞች ለዚህ ዓይነቱ ቅጥር «የዜሮ ሰዓት ውል» የሚል ስም አውጥተውለታል። ቀጣሪው አንዲት ሰዓት ሥራ እንኳ ለመስጠት ቃል አይገባም፤ ሰውየው ግን ተቀጣሪ ይባላል። ነገሩ ብዙ አከራከራቸውና እ.ኤ.አ. በ2015 እንዲህ ያለው ሠራተኛ ሌላ ዘንድ እንዳይሠራ የሚከለክለውን የውል ቃል በሕግ ውድቅ አደረጉት። ኒውዚላንድ በ2016 አልፋ ሄደች፤ «ተዘጋጅተህ ጠብቀኝ» የሚል ቀጣሪ ለመጠበቁም ተገቢውን ካሣ ይክፈል አለች። እኛ ዘንድ ነገሩ ስም እንኳ የለውም። «የቀን ሥራ» እንለዋለን፤ ቀኑ የማን እንደሆነ ሳንጠይቅ።

ወደ አገሬ ልምጣ። በጉና ዙሪያና ማዶ ያሉት ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የሊቃውንት አገር ናቸው። ድጓ የሚያስመሰክር ደቀ መዝሙር ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻም ዙር አባን ይሳለማል። ዓመታት የደከመ ተማሪ ከዚያ ሲወጣ መምህሩ «አዎን፣ ተምሯል» ብለው ይመሰክሩለታል። የዚያው ደብር ጎረቤት የሆነው ገበሬ ግን አሥር ክረምት ሰሊጥ አርሞ፣ አሥር መፀው ሰሊጥ አጭዶ፣ «ሠርቷል» የሚል ብጣሽ ወረቀት የለውም። ምስክር በማይጠፋበት አገር ለእርሱ ድካም ብቻ ምስክር ጠፋ።

መሬቱ ተዳፋት ነው፤ በዚያ ላይ ከወንድም ከእህት ጋር ተከፋፍሎ የቀረው ጥማድ ቤተሰብ አያከርምም። ስለዚህ ወጣቱ ለአረም በሐምሌና በነሐሴ፣ ለአጨዳ በመስከረምና በጥቅምት ይነሣል። የቻይና መንገድ የምንለውን ይዞ ወደ ወረታ፣ ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ መተማ፣ ወደ አርማጭሆ፣ ወደ ሁመራ ይወርዳል። በቆላው ስሙ ይቀየራል፤ «ሳሉግ» ይሉታል። አንዳንዱ በቀን፣ አንዳንዱ በሂላ ይከፈለዋል፤ ሂላ ማለት ታስሮ፣ ተደግፎ እንዲደርቅ የሚቆመው የሰሊጥ ነዶ ክምር ነው። ዝናብ ከዋለ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ክፍያ የለም። ምግቡንና የመመለሻ ትራንስፖርቱን ግን ዝናብ አያስቀርለትም።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜም ፊት ለፊት ተነግሮኛል። «ሰሊጥ ደርሶ ጥቂት ቀን ከዘገየ ይረግፋል፤ ያን ጊዜ ዋጋ የሚቆርጠው ሠራተኛው እንጂ ባለሀብቱ አይደለም፤ ደግሞም ነፃ ነው፣ ካልተስማማው ወደ ሌላው እርሻ ይሻገራል» ይሉኛል። እውነት አለው። የሰሊጥ ፍሬ መያዣ አፉን በሚከፍትባቸው በእነዚያ ጥቂት ቀናት የጉልበት ዋጋ ሽቅብ ይወጣል፤ ከቀጣሪው ጋር ተከራክሮ የሚረታ ሠራተኛም አለ። ይሁን እንጂ ነፃነቱ የሰሊጡን ያህል ነው የሚቆየው። በአረም ጊዜስ? ሥራ ፈላጊው በሚበዛበት ዓመትስ? ዶፍ በጣለበት ሳምንትስ? ያን ጊዜ «ነፃ ነህ» ማለት «ራብህን በራስህ ቻል» ማለት ነው። ባለሀብቱ የሰማዩን አደጋ ሁሉ ከትከሻው አውርዶ ከስማዳ በእግሩ በመጣ ሰው ትከሻ ላይ ሲጭነው ተለዋዋጭ ቅጥር ይባልለታል።

ሕጉ ዝም ብሏል እንዳትሉኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቤዋለሁ (ግጥም የሚጽፍ ሰው አዋጅ ማንበቡ የሚያስቃችሁ ትኖራላችሁ)። አንቀጽ 54 ደመወዝ ለተሠራ ሥራ ብቻ የሚከፈል መሆኑን ከተናገረ በኋላ ወዲያው ይመለስና፣ ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ መሣሪያ ወይም ጥሬ ዕቃ ተቋርጦበት፣ አለዚያም የእርሱ ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ቢውል ደመወዙን ያገኛል ይላል። እንዴት ያለ ንባብ ነው! ዝግጁነትን ራሱን ሥራ አድርጎ ቆጠረው። ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ 377/1996ም ይህንኑ ይል ነበር። ታዲያ ለምን አይሠራም? መልሱ ከዚያችው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። አንቀጹ ውል ላለው ሰው ነው የተጻፈው፤ «ሥራ ሲኖር እንጠራሃለን» የተባለው ሰው ውል ግን ማታ ማታ ይሞታል፣ ጠዋት ጠዋት ይወለዳል። ዝናቡ ሲዘንብ በሁለቱ መካከል ነው፤ ተቀጣሪ ያልሆነበት ሰዓት ላይ ነው። በዚህ ብልሃት አንቀጹ ሳይሻር ተሻረ።

ብልሃቱ ግን ሕጋዊ መስሎ እንዳያታልለን። ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 10 በየዓመቱ እየተደጋገመ በተወሰነ ወቅት የሚሠራ ሥራን በስሙ ያውቀዋል። ለወቅት ቅጠር አለ፤ ወቅቱን እንደ ሽንኩርት ልጠህ በቀን በቀን ክተፈው ግን አላለም። በአንቀጽ 7 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ ቀጣሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው ይስጥ ይላል። ለአጨዳ ለመጣ ሰው 15 ቀን ስንት እንደሆነ አስቡት፤ ወረቀቱ የሚደርስበት ቀን ሲቃረብ ሰሊጡ ታጭዶ አልቋል።

አንድ ንጽጽር አለ፣ ሳስበው የሚያሳፍረኝ። ሁለቱ ጋይንቶችና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከታቀፉት ወረዳዎች ናቸው። ሴፍቲኔት የእርዳታ መርሐ ግብር ነው፤ ክፍያው ትንሽ ነው፤ ይዘገያል ተብሎም በተደጋጋሚ ተወቅሷል። ሆኖም እርከን የሚሠራው፣ መንገድ የሚጠርገው ድሃ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን፣ በዓመት ለ6 ወር እንደሚታሰብለት አስቀድሞ ያውቃል። መሥራት የማይችል አረጋዊ ያለ ሥራ ይደገፋል። እንግዲህ ፍረዱ፤ ምጽዋት የሚመስለው ቀን ቆጥሮ ቃል ሲገባ፣ ሰሊጥ ወደ ውጭ ልኮ ዶላር የሚያገኘው አንድ ቀን እንኳ ቃል ለመግባት አቅም አጣ። ወንፈልም ቢሆን ቀን ይቆጥራል፤ ዛሬ ያረምኸውን ነገ ያርሙልሃል።

ደግሞ ሕመሙ አለ። ከደጋ የወረደ ሰውነት የቆላውን በሽታ አያውቀውም። ወባው እንዳለ ሆኖ፣ ካላዛር የሚባለውን ደዌ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በመተማና በሁመራ ጥቁር መረሬ ስንጥቅ ውስጥ፣ በግራር ሥር ትኖራለች፤ ሠራተኛውም የሚያድረው ከዚያው፣ ከሜዳ ላይ ነው። ካልታከሙት ይገድላል። አዋጁ በዚህ ላይ ምን ይላል? በአንቀጽ 98 በሥራው አካባቢ የሚገኝና የሚዛመት ነዋሪ በሽታ፣ ያን በሽታ ለማጥፋት በተሰማሩት ሠራተኞች ላይ ካልሆነ በቀር፣ ከሥራ የመጣ በሽታ ተብሎ አይቆጠርም ይላል። ይህን አንቀጽ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ቆየሁ። የእስቴው ልጅ እዚያ ምድር የተገኘው ለሥራ አይደለምን? ሥራው ባይወስደው ዝንቧ መካነ ኢየሱስ ድረስ መጥታ ልትነድፈው ነበር? የቢሮ ሠራተኛ አንቀጽ ነው፤ የጻፈው ሰው አጎበር ውስጥ የሚያድር ይመስለኛል።

በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ የጀመረው በዚሁ በአጨዳ ወራት ነው። ጥቅምት 30 ቀን በማይካድራ ከተጨፈጨፉት ብዙዎቹ የቀን ሠራተኞች እንደነበሩ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናልም ዘግበዋል። ስለ ግድያው እዚህ ልከራከር አልመጣሁም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከየእርሻው ስማቸውና ቀበሌያቸው የሰፈረበት የቅጥር መዝገብ ቢኖር ኖሮ፣ ወላጅ ልጁን የሚጠይቀው ከተመላሽ መንገደኛ አፍ ነበርን?

ሁሉን በቆላው ላይ ላሳብብ አልሻም። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ዜሮ ስቆጥር የምውል። (የደንበኛ ሂሳብ ምስጢር ነውና በኅዳር የገባው ገንዘብ ግንቦት ላይ ስንት ዜሮ እንደሚቀረው አልናገርም።) ከቢሯችን ጽዳት የሚሠሩትን እኅቶች የሚያመጣቸው ሌላ ድርጅት ነው። ጠዋት ከመክፈታችን በፊት ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ማታ ከዘጋን በኋላም እንዲሁ ይሠራሉ። የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው ይባላል። መካከሉ ግን የማን ነው? ቤታቸው ሩቅ ነው፤ ደርሶ መልስ የታክሲ ሒሳቡ ደመወዙን ይበላዋል፤ ስለዚህ ከጓሮ ይቀመጣሉ፤ ቡና ሲፈስስ ደግሞ ይጠራሉ። ይህ መቀመጥ ከየትኛውም ደመወዝ መክፈያ ላይ የለም።

አሁን ወደ እኛ፣ ወደ ግጥም ወዳጆች ልመለስ፤ ነገሬ ከእኛ ጋር ነውና። ስለ ቀን ሠራተኛ የጻፍነው ግጥም ብዙ ነው። ላቡ እንቁ ነው፣ ክንዱ ብረት ነው፣ አገር በእርሱ ጫንቃ ቆመች እንላለን፤ ይጨበጨብልናል። ከዚህ ሁሉ ስንኝ መካከል «ውል» የሚል ቃል ፈልጉልኝ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ከልማዱ በላይ ሲጠይቁ ባላገሩ እምቢ የሚለው ልማዱ ምን ያህል እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። ጭሰኛ እንኳ ቢሆን የግዴታውን ልክ ያውቅ ነበር፤ ልኩ ሲታለፍም የሚያምጽበት ወሰን ነበረው። ልክ የሌለው ውል ያለው ሰው ግን የቱ ጋ ቆሞ እምቢ ይበል? ላቡን ስናወድስ ይህን ሸፈንነው። ውዳሴያችን ለቀጣሪው ጥሩ መጋረጃ ሆነለት።

ስለዚህ በሚመጣው የአረም ወቅት ከየወረዳው መነኻሪያ ከሚነሣው ሰው ጋር አብሮ እንዲሄድ የምፈልገው ግጥም አይደለም። ወረቀት ነው፤ ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። የሠራተኛው ስም፣ የተነሣበት ቀበሌ፣ እርሻው ያለበት ቦታ፣ ከስንት ቀን የማያንስ ሥራ እንደሚሰጠው፣ ዝናብ ለዋለበት ቀን ስንት እንደሚከፈለው፣ ቢታመም ማን ጎንደር ሆስፒታል እንደሚያደርሰው። የቀጣሪው ፊርማና ማኅተም ከታች በስተቀኝ ይሁን።