ለዝናብ የሚጸልይ ክልክሉን አያስግጥም

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉ ደጋዎች የሚኖር ሰው በልግ ሲቀር ምን እንደሚከተል አስተማሪ አያስፈልገውም። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው ዝናብ ካልመጣ ገብሱ ይቀራል፤ ከገብሱ በፊት ግን የሚያልቀው ሣሩ ነው። በ1991 እና በ2007 ዓ.ም. በልግ የከዳን ጊዜ አይረሳንም። መጀመሪያ ላሟ ትነጥፋለች፣ ቀጥሎ በሬው ቀንበር መሸከም ያቅተዋል፤ ክረምቱ በሰዓቱ ቢገባ እንኳ የሚያርስ ጉልበት አይኖርም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ በየአጥቢያችን ጾምና ጸሎት ይታወጃል። እሰየው። ጎረቤቶቻችንም ሙስሊሞቹ በዱዓ፣ ኦርቶዶክሶቹ በእግዚኦታ ይለምናሉ። የእኔ ጥያቄ ከጸሎቱ በኋላ ስለሚሆነው ነው። ቀኑን በጾም የዋለ ሰው ሌሊት ከብቱን ወደ ክልክሉ ከነዳ፣ ያ ምን ዓይነት ጾም ነው? በኢሳይያስ 58 እግዚአብሔር የወቀሰው የማይጾሙትን አልነበረም፤ እየጾሙ ሌላውን የሚያስጨንቁትን ነው።

“ፓስተር፣ ሣር እኮ ማንም አልዘራውም፣ የእግዚአብሔር ነው” የሚል መልስ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ የእግዚአብሔር ነው። ዘካርያስ ምዕራፍ 10ን እንክፈት። እኛ ወንጌላውያን “የኋለኛው ዝናብ” ሲባል ወዲያው ስለ መነቃቃት እንሰብካለን እንጂ፣ ነቢዩ እዚያ ላይ የሚናገረው ስለሚዘንብ ዝናብና በሜዳ ስለሚበቅል ሣር ጭምር ነው። የሚሰጠውም ለእያንዳንዱ ሰው ነው። እንግዲህ የቅሬው አባላት ሙስሊም ክርስቲያን ሳይሉ ተሰብስበው “እስከዚህ ቀን አይነካ” ያሉትን ሣር በጨለማ ያስጋጠ አማኝ የጎረቤቱን ድርሻ ወስዷል። “የቅሬ ደንብ የዓለም ነገር ነው” የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ በዚህ ከቶ አልስማማም። እጅህን አውጥተህ የተስማማህበት ቃል ቃልህ ነው።

ነገሩ የሃይማኖት ብቻም አይደለም። የሣርን ሥር የሚመግበው ቅጠሉ ነው። በደረቅ ወቅት እስከ መሬት የተጋጠ ሣር ሥሩ ያጥራል፤ ዝናብ ሲመጣም ራቁቱን የቀረው አፈር ታጥቦ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በባሕር ማዶ የጎልፍ ሜዳ የሚንከባከቡ ሰዎች እንኳ በድርቅ ጊዜ የማጨጃውን ምላጭ ከፍ አድርገው ሣሩን ረዘም ያደርጉታል፣ ብዙ እንዳይረገጥም ይጠብቁታል። ያ እንግዲህ ለኳስ መንከባለያ ነው። የእኛ ሣር እርሻችን ነው፣ የልጆቻችን ወተት ነው።

የቅርብ ምሳሌም አለን። በመንዝ የጓሳ ሣር በአባቶች ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ተጠብቋል። አንዳንዴ ለተከታታይ ዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ በክፉ ቀንም ለከብት መጠጊያ ይሆን ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ የቀድሞው ሥርዓት ፈረሰ፣ ሣሩም ተጎዳ፤ ኋላ ሕዝቡ ራሱ ደንብ አውጥቶ መልሶ ያዘው። በእኛም በኩል የቦረና ሳይንት ፓርክ አለ፣ የጥንቱ ደንቆሮ ጫካ። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው የሚኖሩት እዚያ ነው። በኤርምያስ 14 ሣር አጥታ ግልገሏን ጥላ የሄደች ዋላ ተጽፋለች። እግዚአብሔር የእርሷንም ጭንቅ አይቷል።

በ1ኛ ነገሥት 18 ደግሞ ንጉሡ አክዓብ በድርቁ መካከል ከአብድዩ ጋር አገሩን ተካፍሎ ሣር ፍለጋ ይወጣል። ሣር መፈለጉ ኃጢአት አልነበረም። ግን አሳቡ ሁሉ በፈረሶቹና በበቅሎዎቹ ላይ ነበር። አብድዩ ግን በዚያው ክፉ ዘመን 100 ነቢያትን በዋሻ ደብቆ እንጀራና ውኃ ይመግብ ነበር።

አሁን የሚከብደውን ልናገር። ክልክል ሲዘጋ ሁሉም እኩል አይጎዳም። ጭድና ድርቆሽ የከመረ ሰው “ይዘጋ” ቢል ምን ይቸግረዋል? አንዲት ላም ብቻ ያላት መበለት ግን ቃሏን ጠብቃ ላሟ ስትሞት ልታይ ትችላለች። ስለዚህ ክልክሉ ለከብት አይከፈት፤ ሣሩ በማጭድ ታጭዶ በሸክም ይውጣ እላለሁ። ድርሻውም በከብት ብዛት ሳይሆን በቤተሰብ ይሁን፣ ከብት ያነሰው ይቅደም። ብዙ ከብት ያለው ወንድም ደግሞ ሳይከሱበት ጥቂቱን ይሽጥ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ሲነዳ የከብት ዋጋ እንደሚወድቅ፣ የእህል ዋጋ ደግሞ እንደሚወጣ ደጋግመን አይተናል። በአገራችን የከብት ብዛት ክብር መሆኑን አውቃለሁ፤ ከስቶ የሞተ በሬ ግን ማንንም አላስከበረም።

በአጥቢያችንም ለሽማግሌዎች ያቀረብኩት አሳብ ይኸው ነው። ጭድ የተረፈው አባል እሑድ ከአሥራቱ ጋር አንድ ሸክም ይዞ ቢመጣ፣ በር ላይ የሚመልሰው ዲያቆን የሚኖር አይመስለኝም።