ይሙት በቃ ካሉን በኋላ ምን ሆነ?

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን ሦስታችን ወደ ግሼ ራቤል፣ ወደ ወላጆቻችን ቤት ሄደን ነበር። ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ባና ተከናንበን ምድጃ ዳር በተቀመጥንበት አንድ ማታ፣ ራዲዮናቸውን ከጆሯቸው የማይለዩ አንድ አዛውንት ጎረቤት ገብተው አብረውን እሳት ሲሞቁ ቆዩና "ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ ንገሩኝ። እነዚያ ይሙት በቃ የተባሉት የደርግ ሹማምንት ተገደሉ ወይስ አሉ?" ብለው ጠየቁን። አንዱ "ተሰቅለዋል" አለ። ሁለተኛው "ይቅርታ ተደርጎላቸዋል መሰለኝ" አለ። ሦስተኛው ዝም አለ፤ ከሦስታችን የተሻለ መልስ የሰጠው እርሱ ነው። አዛውንቱ አልተቈጡንም። "ራዲዮኑም እንደ እናንተ ነው፤ ሲፈረድ ነገረኝ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ ያዘ" ብለው ዝም አሉ።

ይህን ጽሑፍ ያወጣነው ከዚያ እፍረት የተነሣ ነው። ክርክራችን የሞት ቅጣት ይኑር ወይስ ይቅር በሚለው ላይ አይደለም፤ በዚያ ነገር እኛው ራሳችን ገና አልተስማማንም። ክሳችን በጋዜጠኞቻችን ላይ ነው። መንግሥት በሕግ ስም ሰው ሲገድል ወይም እገድላለሁ ሲል፣ ጋዜጦቻችን፣ ራዲዮናችንና ቴሌቪዥናችን ዜና ብለው የሚያቀርቡልን ነገር ከአዋጅ ነጋሪ ጩኸት ጋት ያህል ፈቀቅ አላለም።

መንዝና ግሼ የሙግት አገር ነው። በዱሮው ሥርዓት ሁለት ባላንጣዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ አላፊ አግዳሚውን "በሕግ አምላክ" ብለው አቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ "በላ ልበልሃ" እየተባባሉ ይሟገታሉ፣ ዋስ ይጠራል፣ ምስክር ይቆጠራል፣ ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ይሰማል። የደም ነገር ሲሆን ደግሞ የሟች ወገኖች ቀርበው ደም እንደ ሆነ ደም፣ ካሣ እንደ ሆነ ካሣ ይላሉ፤ ሽማግሌና ካህን መሐል ገብቶ ይለምናል። የዚያን ሥርዓት ጉድለት አንክድም፤ ድኻው በጉልበተኛ ፊት አፉ እንዴት ይተሳሰር እንደ ነበር ከአያቶቻችን ሰምተናል። ነገር ግን ሰውየው ከመሞቱ በፊት የተናገረውን ቃል አገሬው በጆሮው ሰምቶታል። ዛሬ የራቤል ገበሬ ከራዲዮ የሚደርሰው የነገሩ ጅራት ብቻ ነው።

እንዴት እዚህ እንደ ደረስን ጥቂት ወደ ኋላ እንመልከት። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት በከሸፈ ጊዜ የገርማሜ ንዋይ ሬሳ አዲስ አበባ አደባባይ ላይ ተሰቅሎ ለሕዝብ ታየ። ወንድሙ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ፍርድ ቤት ቀርቦ በመጋቢት በስቅላት ተቀጣ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ያን ጊዜ ለሙከራው ደግፈው ሰልፍ ወጥተው ስለ ነበር ነገሩ ለተማሪ ማኅበር ባዕድ አይደለም። መንግሥቱ ይግባኝ አልልም ብሎ ለዳኞቹ የተናገረው ቃል ግን ይበልጡን በሕዝብ ዘንድ የኖረው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ነው። ስቅላቱ አደባባይ፣ ቃሉ ጓዳ።

ከዚያም የባሰው መጣ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ስድሳ ያህል ሰዎች ገደለ። ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን፣ እነ ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ በዚያ ሌሊት አለቁ። መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ጉዳያቸውን ይመረምር ነበር፤ ፍርድ ቤት ግን አልቀረቡም፣ ክስ አልተነበበላቸውም፣ መልስ አልተጠየቁም። በማግሥቱ ጧት የኢትዮጵያ ራዲዮ ስማቸውን አነበበ። አንባቢው የተሰጠውን ወረቀት አነበበ፤ ማን ፈረደ? ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ "እርምጃ" የምትለዋ ቃላችን ተበላሸች። ሕፃን ዳዴ ብሎ ሲነሣ የምንደሰትባት ቃል በቀይ ሽብር ዘመን ሬሳ መቁጠሪያ ሆነች። "አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው" ሲባል ገዳይ የለም፣ ጥይት የለም፣ እናት የለችም። ከሞቱትም ብዙዎቹ እንደ እኛ ተማሪዎች፣ እንደ መምህሮቻችን መምህራን ነበሩ። ይህችን ቃል ዛሬም በዜና ውስጥ ስንሰማት አንዘገንንም፤ መዘግነን እንደሚገባን ለማስታወስ ያህል እንጽፈዋለን።

"አሁንማ ሕግ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ" የሚለን ይኖራል። እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ጥፋቱ የከፋው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 117 የሞት ፍርድ ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው እንደማይፈጸም፣ በሕዝብ ፊትም ሆነ በስቅላት እንደማይፈጸም ደንግጓል። እንግዲህ አንድ ጋዜጣ "የሞት ፍርድ ተፈረደበት" ብሎ ነጥብ ሲያኖር ነገሩን ከመሐሉ ቈርጦ ሸጠልን ማለት ነው። ይግባኝ አለ? ጸደቀ? ተሻሻለ? በይፋ የታወቀው የመጨረሻው የሞት ቅጣት የተፈጸመው በ1999 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ የተገደለው መኰንን የደኅንነት ኃላፊውን ክንፈ ገብረ መድኅንን በ1993 የገደለ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤቶች የሞት ፍርድ መስጠታቸውን አላቋረጡም። በወኅኒ ቤት ጧት ጧት በሩ ሲንኳኳ የሚደነግጠው ሰው ስንት ነው? ይህን ቁጥር በየዓመቱ ጠይቆ የሚያትም ጋዜጣ እስካሁን አላየንም።

በደርግ ባለሥልጣናት ላይ የተመሠረተው ክስ በታኅሣሥ 1987 ተጀምሮ ጥፋተኝነቱ የተበየነው በታኅሣሥ 1999 ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት! ስንት ምስክር፣ ስንት ወረቀት፣ ስንት የልቅሶ ቃል በዚያ ችሎት አለፈ። መጀመሪያ የተወሰነው ዕድሜ ልክ እሥራት ነበር፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሞት ለወጠው። ይህች የመጨረሻዋ ቀን ራቤል ድረስ ተሰማች፤ ዐሥራ ሁለቱ ዓመት ግን አልተሰማም። በግንቦት 2003 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የሃያ ሦስቱን ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ አሻሻሉ። ጣሊያን ኤምባሲ ከገቡበት ከ1983 ጀምሮ ሳይወጡ የኖሩት ሁለቱ ሰዎች ቅጣታቸው የተሻሻለው በታኅሣሥ 2013 ነው። በዚምባብዌ የተቀመጡት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከሃያ ሦስቱ ውስጥ አልነበሩም። (ያስጠጋቻቸው አገር ራሷ በታኅሣሥ 2017 የሞት ቅጣትን ከሕጓ ሰርዛለች፤ የታሪክ ቀልድ ይሉታል ይህ ነው።)

"ይቅርታ ተደረገላቸው" ያለው ጓደኛችንም ተሳስቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ ለተፈጸመ ወንጀል ምሕረትም ይቅርታም እንደማይደረግ፣ ርዕሰ ብሔሩ ግን የሞቱን ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ሊያሻሽል እንደሚችል ይናገራል። ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። ልጇን ያጣች እናት "ይቅር ተባሉ" ሲሏት የምትሰማው ሌላ ነው፣ "ከሞት ወደ እሥር ተሻሻለ" ሲሏት የምትሰማው ሌላ ነው።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ በሌሉበት በ2002 የሞት ፍርድ የተፈረደባቸው፣ በ2006 ከየመን ተይዘው የመጡ ናቸው። ወዲያው የመንግሥት ቴሌቪዥን ሲናገሩ አሳየን። ማን ጠየቃቸው? ጠበቃ አጠገባቸው ነበር? ፊልሙ የት የት ላይ ተቈረጠ? የሞት ፍርደኛ በአሳሪው እጅ ሆኖ የሚናገረውን ቃል ያለ አንዳች ጥያቄ ማሳየት ጋዜጠኝነት ከሆነ፣ ካሜራው ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ደመወዝ የሚበላ ሰው ለምን አስፈለገ? በግንቦት 2010 ተፈቱ። ፍርዱን ያጨበጨበለት ያው ቴሌቪዥን መፈታታቸውንም አጨበጨበለት፤ መሐል ላይ ስለ ነበረው አላፈረም።

በእንግሊዝ አገር ቲሞቲ ኢቫንስ የተባለ ሰው ልጁን ገድሏል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1950 ተሰቀለ። ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያው ቤት ይኖር የነበረ ጎረቤቱ ብዙ ሴቶችን የገደለ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሉዶቪክ ኬኔዲ የሚባል ጋዜጠኛ የዳኝነቱን መዝገብ መስመር በመስመር መርምሮ በ1961 መጽሐፍ አወጣ፤ በ1966 ለሟቹ ይቅርታ ተሰጠ። ኢቫንስን አላስነሣውም። ነገር ግን አንድ ጋዜጠኛ "ተሰቀለ" ከሚለው ቃል በኋላም ሥራ እንዳለው አሳየ።

ጋዜጠኞቻችን እንደሚፈሩ እናውቃለን፤ በዚህ አገር ብዕር የያዘ እጅ ሰንሰለት መልመዱን ለመካድ አንደፍርም። ነገር ግን ቅጣት መሻሻሉን መናገር የሚያሳስር ነገር አይደለም። የተከሳሹን መልስ በሁለት መስመር ማስገባት፣ ጠበቃ እንደ ነበረውና እንዳልነበረው መጻፍ፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ይግባኙ ምን ደረሰ ብሎ መጠየቅ ድፍረት ሳይሆን ትጋት ብቻ የሚፈልግ ሥራ ነው። እኛም ንጹሕ አይደለንም። አንድ ግፍ በተሰማ ቁጥር ተከሳሹ ገና ችሎት ሳይቆም በስልካችን "ይሰቀል!" ብለን የጻፍን በዚህ ማኅበር ውስጥ አለን። ስለዚህ ከመጪው እትም ጀምሮ ይህች ጋዜጣ የሞት ፍርድ በተሰማ ጊዜ የፍርዱን ቀን፣ የሕጉን አንቀጽና የተከሳሹን መልስ ትይዛለች፤ ጉዳዩ እስኪያልቅም በየእትሙ ትከተላለች። የሕግ ትምህርት ክፍል መምህራን ረቂቃችንን እንዲያርሙልን ከወዲሁ እንለምናለን።

ለራቤሉ አዛውንት ያጣራነውን መልስ በስልክ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም አሉና "መልካም። የሟቾቹ እናቶችስ ሰምተዋል?" ሲሉ ጠየቁን።