ባያምርም የራስ ሹራብ ይበልጣል

በነቀምቴ፣ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ ገበያ የቦንዳ ልብስ ክምር ሲገላብጥ የቆየ ሰው አንዳንዴ ግራ የሚያጋባ ሹራብ ያገኛል። ደረቱ ላይ ቀንዳም አጋዘን አለ፣ አፍንጫው ቀይ ኳስ ነው፣ ትከሻው ላይ በረዶ ይወርዳል። ሻጩ ሙቀቱን ያመሰግናል፤ ገዢውም ዋጋ ቀንሶ ይወስድና በሰኔ ዝናብ ለብሶት ሥራ ይገባል። ሹራቡ በመጣበት አገር ሆን ተብሎ እንዳያምር የተሠራ፣ ሰው እንዲስቅበት የታሰበ የገና ሹራብ መሆኑን የሚጠረጥር የለም።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ግን ስለ በዓል፣ ስለ ኪስና ስለ ክብር ብዙ የሚናገር ጉዳይ ነው።

በምዕራቡ ዓለም አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው የሚሠሩት ያልተዋጣለት ሹራብ የቤተሰብ መሳቂያ ነበር። በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በካናዳዋ ቫንኩቨር ወጣቶች "አስቀያሚ ሹራብ የለበሰ ይምጣ" ብለው ድግስ ደገሱ። ከዚያ ወዲህ ልማዱ ተዛመተ። በ2012 ደግሞ የብሪታኒያው ሴቭ ዘ ቺልድረን በገና ሹራብ ስም ለሕፃናት ገንዘብ የሚሰበሰብበት ቀን ጀመረ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ነጋዴው ሲገባበት ግን መልኩ ተቀየረ። ቤት ውስጥ ይሠራ የነበረው ሹራብ በፋብሪካ መመረት ጀመረ፤ አንዴ ተለብሶ የሚጣል ሆነ። በ2019 ሀብብ የተባለው የብሪታኒያ በጎ አድራጎት ድርጅት ባደረገው ፍተሻ ከታዩት የገና ሹራቦች 95 በመቶው በከፊልም ሆነ በሙሉ ከፕላስቲክ የተሠሩ ነበሩ። ተለብሶ የተጣለው የት ይደርሳል ለሚል ሰው፣ አንዱ መልስ የእኛ የቦንዳ ክምር ነው።

አሁን ወደ ወለጋ እንመለስ። ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ ኦርቶዶክሱም፣ የመካነ ኢየሱሱም፣ ሌላውም ክርስቲያን እኩል ይዘጋጃል። ከበጉና ከዶሮው ሌላ የልጆች ልብስ አለ። ባለፉት ዓመታት ደግሞ አዲስ ነገር ተጨምሯል፤ ከእናት አባት እስከ ሕፃን ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ ልብስ ለብሶ ፎቶ መነሳት። የአባ ገና ቆብ፣ ከጥጥ የተሠራ በረዶ፣ የሚብለጨለጭ መብራት። ፎቶው ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ያላወጣ ቤተሰብ በዓሉን ያላከበረ ይመስለዋል።

ይህ የሚሆነው የት ነው? ለዓመታት ግጭት፣ መፈናቀልና የመንገድ መዘጋት በፈተነው አካባቢ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ የዶላር ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፤ ከውጭ የሚገባ ልብስም አብሮ ንሯል። ልባሽ ጨርቅ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ቦንዳውም በኮንትሮባንድ መንገድ እየዞረ ነው የሚደርሰው። ደመወዙ ወር የማያደርሰው መምህር ለሦስት ልጆች ቀይ ልብስ ለመግዛት ይበደራል። ያልተበደረው ደግሞ ልጁ "አዲስ ልብስ የለኝም" ብሎ ከቤት አልወጣም ሲል ያያል። ለበዓል ብሎ ልጅን ከበዓል ማስቀረት ምን ይባላል?

መፍትሔው በዓሉን መተው አይደለም። የገና ልብስን መልሶ ወደ ቤት ማምጣት ነው። እያንዳንዱ ቤት አንድ አሮጌ ሹራብ አያጣም። ክርኑ የተቀደደው፣ ቀለሙ የለቀቀው ይበቃል። ከአሮጌ ነጠላ የተረፈ ጥለት፣ ከቡና ጆንያ የተቆረጠ ቁራጭ፣ ከተጣለ ሸሚዝ የተነቀለ ቁልፍ ይጨመርበት። ቀይ ቁልፎች በአረንጓዴ ክር ቅርንጫፍ ላይ ሲሰፉ የወለጋ ቡና ይሆናሉ። ታኅሣሥ ደግሞ ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነው። አጋዘኑን ማንም አይቶት አያውቅም፤ የቂሌ ዱላ ግን ሁሉም ልጅ ያውቃል። ኦሮምኛ ተናጋሪው በዓሉን ራሱን በጨዋታው ስም የቂሌ በዓል ይለዋል። በረዶው ይቅርና ኦዳው ይሰፋ።

ሙያው ከባድ አይደለም፤ ጥቂት ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ሹራብ በመቀስ ከተቆረጠ ስለሚተረተር አስቀድሞ ዙሪያውን በመርፌ መያዝ ያስፈልጋል። ቁራጭ ጨርቅ የሚሰፋበት ቦታ ከውስጥ በኩል ደጋፊ ጨርቅ ካልተደረገለት ይሸበሸባል። በማስቲሽ የተለጠፈ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይረግፋል፤ በክር የተሰፋ ግን ለከርሞም ይደርሳል። ፈጽሞ የማይለበሰው ሹራብ ተተርትሮ ክሩ ይጠነጠንና በኪሮሽ ሌላ ነገር ይወጣዋል። ይህን ሁሉ የሚያውቁ እናቶችና አያቶች በየሰፈሩ አሉ፤ የዳንቴል ሙያቸውን የሚጠይቃቸው ልጅ ነው የጠፋው። በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ይዞ የተቀመጠው ልብስ ሰፊም ሥራ አያጣም። የሚጎዳ ካለ ቀይ ቆብ አስመጪው ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ አለ። "የሚያምር ልብስ ሞልቶት የማያምር የሚለብስ ሰው ይቀልዳል፤ አንድ ሹራብ ብቻ ያለው ሰው ግን በምኑ ይቀልዳል? ድህነትን ፋሽን ታደርጉታላችሁ?" እውነት ነው። ከመጠለያ ጣቢያ ለተመለሰ ልጅ የተጣፈ ሹራብ ቀልድ ሊሆን አይችልም፤ የየቀን ኑሮው ነው።

ለዚህ ነው ነገሩ ከላይ መጀመር ያለበት። መጀመሪያ የተጣፈውን ሹራብ መልበስ ያለበት መግዛት የሚችለው ሰው ነው። ባለሱቁ፣ ርዕሰ መምህሩ፣ የመዘምራን መሪው፣ የቀበሌው ሊቀመንበር በገና ሳምንት እጁ የሠራውን ባለ ጠማማ ስፌት ሹራብ ለብሶ ቢታይ፣ የደሃው ልጅ ጥፍ ብቻውን አይቆምም። ለልብስ ሊያወጣ ያሰበውን ገንዘብ ደግሞ ሹራብ ጭራሽ ለሌለው ልጅ ብርድ ልብስ ቢገዛበት፣ ቀልዱ ፍሬ ያፈራል። ይህ ካልሆነ ተቃዋሚዎቹ ልክ ናቸው፤ ባይጀመር ይሻላል።

ደግሞስ ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ ነው? የገና ጨዋታ በቀደመው ዘመን ጌታና ሎሌ እኩል ሜዳ የሚወርዱበት፣ ሎሌው ቢገፋው ቢቀልድበትም ጌታ የማይቆጣበት ቀን ነበር። ዓመቱን ሙሉ የሚከበር ሰው ያን ቀን አቧራ ለብሶ ይገባል፤ ክብሩ ግን አይቀንስም። ፈረንጆቹ ባልተዋጣለት ሹራብ የፈለጉት መተካከል እኛ ዘንድ በዱላና በእንጨት ኳስ ሲሠራበት ኖሯል። አሁን የገና ልብስ ሰውን የሚለይ አጥር ሲሆን ዝም ማለት የበዓሉን ጠባይ መርሳት ነው።

ስለዚህ ለዘንድሮው ገና፣ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ሳጥናችሁን ክፈቱ። መርፌና ክር አውጡ፣ ልጆቹን ሰብስቡ፣ አያትን ከመካከል አስቀምጡ። ስፌቱ ቢጣመም፣ ኦዳው ጎመን ቢመስል፣ ቡናው ቃሪያ ቢመስል ግድ የለም። ልጆቻችሁ ከዓመታት በኋላ የሚያስታውሱት አብረው የሠሩትን ነው፤ ዕዳውንም የሚከፍል አይኖርም።

መልካም ገና! ባጋ አያና ቂሌ ናጋን ኢሲን ጋኤ!