ከዘንዶው በፊት ግሪሳው

ጣርማ በር ላይ ቆሞ ቁልቁል የተመለከተ ሰው ሁለት አገር ያያል። ከጀርባው የደብረ ብርሃን ደጋ አለ፤ ገብሱ፣ ባቄላው፣ በጉና ውርጩ። ከፊቱ መሬቱ ድንገት ይከዳል፤ መንገዱ ጣልያን በወረራው ዘመን በቋጥኙ ሆድ በቆፈረው ዋሻ ያልፍና በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ወደ ሸዋ ሮቢት የማሽላ ቆላ ይወርዳል። በዚህ በር ያለፈ ገጣሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ጉሙን፣ ገደሉንና ጀግናውን ነው። ከገደሉ ግርጌ በየዓመቱ እሸት በደረሰ ቁጥር የሚካሄደውን ጦርነት ግን ዘወር ብሎ የሚያይለት ብዕር አልበዛለትም።

ጦርነቱ ከግሪሳ ወፍ ጋር ነው። ግሪሳ በቁጥሩ ከዓለም የዱር አእዋፍ ሁሉ ይበልጣል። አንዱን ለብቻው ይዞ ለመዘነው ግን ክብደቱ ሃያ ግራም ገደማ ቢሆን ነው፤ በሕፃን መዳፍ ውስጥ ይጠፋል፣ በጠጠር ይሞታል። በቀን የሚበላውም 10 ግራም ያህል እህል ነው። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ቢኖር ሒሳቡን ይጨርስ፤ አንድ ሚሊዮን ወፍ ያረፈበት ቀበሌ በአንድ ቀን 100 ኩንታል ያጣል። መንጋው ደግሞ በአንድ ሚሊዮን የሚወሰን አይደለም። የሚመጣውም ማሽላው ገና ወተት ሲቋጥር፣ ገበሬው ራሱ ለእሸት ያልዘረጋውን እጁን ሰብስቦ በሚጠብቅበት ሰሞን ነው።

ከዚህ ጠላት ፊት የሚቆመው ማን ነው? ሕፃን ነው። በእንጨት ርብራብ ማማ ላይ፣ ወንጭፍ በእጁ፣ የጠጠር ክምር ከእግሩ ሥር። ገጣሚያን «ወፍ ጭጭ ሲል» የሚሏት ሰዓት በከተሜው ጆሮ የፍቅርና የተስፋ ሰዓት ናት፤ ለማማው ልጅ የክተት ነጋሪት ናት። ግሪሳ የሚበላው በማለዳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ የቀትሩን ሐሩር በጥላ ያሳልፋል። ልጁም በዚያች ፋታ ቆሎውን ይቆረጥማል፣ ጠጠር ይለቅማል፣ ያሸልባል። ጀማሪ ጠባቂ የሚታወቀው ወፉን እየተከተለ ማሳ ውስጥ በመሮጡ ነው። መንጋው በግራ ሲያርፍ ወደ ግራ፣ በቀኝ ሲያርፍ ወደ ቀኝ ሲል፣ ረፋድ ላይ ጉልበቱ ያልቃል፤ በሩጫው የሰበረው አገዳም ወፉ ከበላው ይብሳል። የሠለጠነው ከማማው አይወርድም። መንጋው ሊያርፍ ሲያንዣብብ ጠብቆ ይወነጭፋል፤ ከድንጋዩም ይልቅ የጅራፉን ጩኸት ያምናል።

ይህን ጥበብ አስተውሎ ወደ ሥራ የለወጠ አንድ የኪነት ዘርፍ አለ። እርሱም ብዙ የባህል ሰው «የሥራ ፈት መጫወቻ» እያለ የሚንቀው የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩ ወጣቶች «ሮግ» የተባለ ጨዋታ ሠርተው አወጡ። ሥዕል የለውም፤ ዋሻው በነጥብና በመስመር፣ አውሬው በፊደል ይመሰላል። ዘንዶው አንድ ፊደል ነው፤ የሌሊት ወፏም አንድ ፊደል ናት። ተጫዋቹ ከሞተ ሞተ ነው፤ ያጣውን ሁሉ አጥቶ እንደገና ከመጀመሪያው ደረጃ ይነሣል። ወሬውን የሰማ ሰው የተጫዋቹ ገዳይ ዘንዶው ይመስለዋል። ዘንዶው ያለው ከጥልቁ ነው፤ ጀማሪ እዚያ አይደርስም። ጀማሪው ገና 12 የሕይወት ነጥብ ይዞ ከዋሻው አፍ ሳይርቅ አንዲት የሌሊት ወፍ ትመጣበታለች። ከተመታች ብዙ ሳትቆይ የምትሞት፣ ከነከሰችም አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ብቻ የምትቀንስ ደካማ ፍጡር ናት። በረራዋ ግን መስመር የለውም፤ ነክሳ ትሸሻለች፣ ሸሽታ ትመለሳለች። ጀማሪው ያሳድዳታል። ሰይፉን በባዶ አየር ሲያወናጭፍ ሌላው አውሬ ከኋላው ይደርሳል። የበሰለው ተጫዋች ወደ ጠባቡ መተላለፊያ አፈግፍጎ ጀርባውን ለግድግዳ ይሰጣል፤ ስትመጣ ይመታል፣ ስትርቅ ያርፋል። የማማው ልጅ ይህን ትምህርት ያለ ኮምፒዩተር ተምሮታል።

ክርክሩ እንግዲህ ከመድረኩ ጋር ነው። የመድረኩ ጠላት ሁልጊዜ አንድ፣ ሁልጊዜ ግዙፍ፣ ሁልጊዜ ባለ ስም ነው። ረጅም ንግግር ያደርጋል፣ ሤራ ይጎነጉናል፣ በመጨረሻው ገቢር ይወድቅና መጋረጃው ይዘጋል። ጠላቱ ቢያንስ አንበሳ ካልሆነ ጀግናው ጀግና አይባልም። ግሪሳ ግን ንግግር አያደርግም። ክፉም አይደለም፤ ርቦት ነው። አንዱን መግደል ምንም አይደለም፣ ሺሁን መግደልም ምንም አይደለም፤ ነገ ማለዳ ያው ነው። «እንዲህ ያለ ጠላት ለድራማ አይመችም» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። የማይመቸው ለድራማ ነው ወይስ ለደራሲው ልማድ? አርባ ቀን ሙሉ ሳይሸነፍና ሳያሸንፍ በአንድ ቦታ የቆመ ሰው በመድረክ ላይ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ከፉከራ የከበደ ችሎታ ይጠይቃል፤ የሚሸሸውም ይኸው ነው።

ከመሸሽ የከፋም አለ። በበዓላት መድረክ አልፎ አልፎ «ወፍ ጠባቂ» ተብሎ የሚቀርበው ጎልማሳ ጨፋሪ፣ በነጭ ቁምጣና እጀ ጠባብ አጊጦ፣ ወንጭፉን በፈገግታ እያወዛወዘ እስክስታ ይመታል። ታዳሚው ያጨበጭባል። እርግጥ ነው፣ ልጆቹ በማማ ላይ ይዘፍናሉ፤ ከማማ ማማም ይጠራራሉ። የሚዘፍኑት እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ነው። የሚጠራሩትም አንዱ የነቀለውን መንጋ ሌላው ሳያውቅ እንዳይቀበለው ነው፤ ከአንዱ ማሳ የተባረረ ወፍ ሰማይ ላይ አይቀርምና፣ የሚያርፈው ከጎረቤት ማሳ ላይ ነው። እዚህ ላይ ደራሲ ቢኖር ኖሮ ቆም ይል ነበር። ጎበዝ ልጅ ያለው አባወራ ወፉን ነቅሎ የሚሰድደው ልጅ ወደሌላት ባልቴት እርሻ ነው። ሁለቱም ጨዋ ጎረቤቶች ናቸው፤ በሰንበት አብረው ቡና ይጠጣሉ። ለአንዱ ድል የሆነው ለሌላዋ ጥፋት ሲሆን፣ ማንም ማንንም መክሰስ ሳይችል ሲቀር፣ ከዚህ የበለጠ የተውኔት ግጭት ከየት ይመጣል? ጭፈራው ይህን ሁሉ አጥቦ ፈገግታውን ብቻ አስቀረው።

ሌላው መልስ «አውሮፕላን መጥቶ ይርጭ» የሚለው ነው። ለዚህ ሥራ በ1962 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት በአንበጣም በግሪሳም ላይ ሲረጭ ኖሯል። አውሮፕላኑ አይምጣ የሚል አስተዋይ የለም። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ የምሥራቅ አማራን ቆላ ሲወርር የታየው ይበቃል፤ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ምግብ ያህል ያወድማል፣ ያንን በቆርቆሮና በጅራፍ ብቻ ለመመከት የወጣ ሕዝብ ጀግንነቱ ባይጎድልም መሣሪያው ጎድሎት ነበር። ይሁንና ለግሪሳ የሚረጨው መርዝ፣ ፌንቲዮን የሚባለው፣ ወፍ አይመርጥም፤ የሞተውን ግሪሳ የሚበላው ጭልፊትም ይወድቃል። ከሁሉም በላይ አውሮፕላኑ የሚደርሰው መንጋው ታይቶ፣ ተነግሮ፣ ተጠይቆ ነው። በጥንት ግሪኮች ቴአትር ደራሲው ሤራውን መፍታት ሲያቅተው አምላክን በማንሻ ከላይ ያወርድ ነበር። አውሮፕላን በመጨረሻው ገቢር የሚያስመጣ ተውኔትም ያንኑ ማንሻ ተከራይቷል። እስከዚያው የነበሩት ማለዳዎች የማማው ልጅ ማለዳዎች ናቸው።

እነዚያ ማለዳዎች የመምህሩም ጉዳይ ናቸው። ትምህርት ቤት በመስከረም ይከፈታል፤ የቆላው እሸትም የሚጠበቀው በዚያው ሰሞን ነው። በመዝገቡ ላይ ከልጁ ስም አንጻር «ቀሪ» ተብሎ ይጻፋል፣ በማግስቱም «ቀሪ»፤ ወሩ ሲያልቅ ልጁ ክፍልፋይን ሳያውቅ ወደ ክፍል ይመለሳል፣ ወይም በዚያው ይቀራል። ወላጁን መገሠጽ ቀላል ነው፤ ማሳው ሲራቆት ግን ገሣጩ ቀለብ አይሰፍርም። ገበሬዎች የሚያውቁት ሌላ መንገድ አለ። አንድ ቀበሌ በአንድ ሳምንት ከዘራ እሸቱ አንድ ላይ ይደርሳል፣ ቀድሞ የበቀለ ማሳ ብቻውን የመንጋ ማባበያ አይሆንም። ፍሬው ቀይና ጎምዛዛ የሆነውን ማሽላ ወፍ በቀላሉ አይደፍረውም። ማማውን አዋቂዎች በተራ ቢይዙት ባልቴቷም ጠባቂ ታገኛለች። ግሪሳው በቀትር የሚያርፍ ከሆነም፣ የክፍሉ ደወል ለእነዚያ ጥቂት ሳምንታት በቀትር ቢደወል የሚፈርስ ሕግ የትኛው ነው?

ይህን ለማሳየት ቴአትር ቤት የሚጠይቀው ዕቃ ብዙ አይደለም። ሁለት ማማ፣ አንድ ወንጭፍ፣ ጥቂት ጠጠር፣ ከመጋረጃው ኋላ የማያቋርጥ የክንፍ ድምፅ። በመድረኩ ጥግ ደግሞ አንድ ጠረጴዛ ይቀመጥ፤ መምህሩ ስም እየጠራ በየስሙ ዝም ብሎ ይጠብቅ፣ ከማማው ላይ «አቤት» የሚለው ልጅ ድምፁ እንዳይሰማው።