የመጀመሪያው ሙሉ ልብስ ለምን ጥቁር ይሆናል?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙሉ ልብስ የዘወትር ልብስ አይደለም። የአገሩ ሰው ኢትዮጵያውያን በጥቅሉ ጀለቢያ የሚሉትን ነጭ ቀሚስ ለብሶ ቢሮ ይገባል፣ ይሰግዳል፣ ሠርግም ይታደማል፤ ልዩ ክብር በሚሰጠው ቀን ደግሞ ቢሽት ይደርብበታል። ከኢትዮጵያ የመጣው ሠራተኛም አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው በሥራ ልብሱ ነው። ስለዚህ ኮቱና ሱሪው ከአንድ ጨርቅ የተሰፋው ሙሉ ልብስ ከቁም ሣጥን የሚወጣው ለተቆጠሩ ቀናት ነው፤ ለኒካሕ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ፣ ለልጅ ምረቃ፣ ለማኅበረሰቡ ስብሰባ፣ ለአገር ቤት ጉዞ።

የሚለበስባቸው ቀናት ጥቂት መሆናቸው ግን የምርጫውን ክብደት አይቀንሰውም፤ ይልቁንም ይጨምረዋል። ለብዙዎች ደህና ሙሉ ልብስ የወራት ቁጠባ ውጤት ነው። ብዙ ልብስ ያለው ሰው አንዱ ባያምርበት ሌላውን ይለብሳል። አንድ ብቻ ያለው ግን በመረጠው ቀለም ለዓመታት ይታያል፤ በወንድሙ ሠርግ የተነሣው ፎቶግራፍ፣ በቀጣሪው ፊት የቀረበበት ቀን፣ ከአማቶቹ ጋር የተዋወቀበት ምሽት ሁሉ በዚያው ቀለም ይታተማል።

እዚህ ላይ ነው የተለመደው ልማድ ሊጠየቅ የሚገባው። አንድ ሙሉ ልብስ ብቻ ለመግዛት ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥቁሩን ይዞ ይመለሳል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ጥቁር ከሁሉም ጋር ይሄዳል፣ እድፍ አያሳይም፣ ያስከብራልም ይላል። ሦስቱም ምክንያቶች በጥሞና ሲመረመሩ አይጸኑም። የመጀመሪያው ሙሉ ልብስ፣ በተለይም ብቸኛው ከሆነ፣ ጥቁር ሰማያዊ ቢሆን ይሻላል፤ ሁለተኛው ጠቆር ያለ ግራጫ፤ ጥቁሩ ደግሞ እነዚህ ከተሟሉ በኋላ ሊታሰብበት የሚችል ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ጥቁር በራሱ የሚነቀፍ ቀለም አይደለም። ካዕባ የሚሸፈነው በጥቁር ኪስዋ ነው፤ ነብዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ) መካ በተከፈተችበት ቀን ጥቁር ጥምጥም አድርገው እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ክርክሩ ጥቁር ቀለም ያስከብራል ወይስ አያስከብርም በሚለው ላይ አይደለም። ክርክሩ ለብዙ ዓይነት ቀን አንድ ብቻ የሆነ ልብስ በዚህ ቀለም መሰፋቱ ይጠቅማል ወይ በሚለው ላይ ነው።

እድፍ አያሳይም የሚለው ምክንያት ዝናብና ጭቃ ባለበት አገር ጥቂት እውነት ሊኖረው ይችላል። በሪያድ፣ በዱባይ ወይም በኩዌት ግን ልብስን የሚፈትነው አቧራ ነው። የበረሃ አቧራ ፈዛዛ ነው፤ በጥቁር ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ከሩቅ ይታያል። ብናኝ ክርና ፀጉርም እንዲሁ። በዚያ ላይ ጥቁር ልብስ ካውያ በቀጥታ ሲያርፍበት በክርኑ፣ በኮቱ ጠርዝና በሱሪው መቀመጫ ላይ ያብለጨልጫል። ይህ ማብለጭለጭ በጥቁር ላይ የሚታየውን ያህል በመካከለኛ ግራጫ ላይ አይታይም።

ከሁሉም ጋር ይሄዳል የሚለውም እንዲሁ ነው። ጥቁር ሙሉ ልብስ ከቡናማ ጫማና ቀበቶ ጋር አይስማማም፤ ጥቁር ጫማ ብቻ ይፈልጋል። ጥቁር ሰማያዊ ግን ጥቁር ጫማንም፣ ቡናማንም፣ ጠቆር ያለ ቀይንም ይቀበላል። የጥቁር ሙሉ ልብስ ኮት ለብቻው ከሌላ ሱሪ ጋር ሲለበስ የተረሳ ግማሽ ይመስላል። ጥቁር ሰማያዊው ኮት ግን ከግራጫ ወይም ከክሬም ሱሪ ጋር ተለብሶ ሌላ ልብስ ይሆናል። አንድ ገዝቶ ሁለት መልበስ የሚፈልግ ቆጣቢ ሰው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ያስከብራል የሚለው ምክንያት ደግሞ እንደ ቦታው ይለያያል። በምዕራባውያን የአለባበስ ሥርዓት ጥቁር በዋነኛነት የምሽትና የሐዘን ቀለም ሆኖ ኖሯል። በኢትዮጵያም ከል መልበስ ማለት ሐዘን ላይ መሆን ማለት ነው። በባሕረ ሰላጤው ከተሞች ደግሞ በየሆቴሉ በር የሚቆሙ አስተናጋጆችና ጠባቂዎች ብዙ ጊዜ የሚለብሱት ጥቁር ሙሉ ልብስ ነው። ሥራቸው የተከበረ ሥራ ነው። ሆኖም ለእንግድነት የተጠራ ሰው የቤቱ ሠራተኛ መስሎ ጥያቄ ቢቀርብለት፣ ጥፋቱ የጠያቂው ብቻ አይሆንም።

ጥቁር ሰማያዊ የዛሬውን ቦታ የያዘው በአጋጣሚ አይደለም። በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1748 የእንግሊዝ ንጉሣዊ ባሕር ኃይል ለመኮንኖቹ በዚህ ቀለም የደንብ ልብስ ደነገገ፤ ቀለሙም እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ የሚጠራው በባሕር ኃይሉ ስም ነው። በዘመኑ ሰማያዊውን የሚሰጠው ዐረቦች ኒል የሚሉት ኢንዲጎ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ደግሞ ጆርጅ ብሩሜል (1778–1840) የተባለው የለንደን ሰው የወርቅ ጥልፍና ያሸበረቀ ሐር ትቶ፣ በልኩ የተሰፋ ያልተጌጠ ጥቁር ሰማያዊ ኮትና ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ የጨዋ ሰው ልብስ እንዲሆን መንገድ ከፈተ። ወርቅና ሐር ለወንድ ባልተፈቀደበት ሃይማኖት ላደገ አንባቢ ይህ አስተሳሰብ እንግዳ አይሆንበትም፤ የወንድ ክብር በብልጭታ ሳይሆን በንጽሕናና በልክ ይገለጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመልክ ጉዳይ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ስለ ሰው መልክ ሲናገር ጥቁርና ነጭ ብሎ አያበቃም፤ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያለ ይለያል። ልብስ ሲመርጥም ይህን የቋንቋውን ጥበብ ማስታወስ ይገባዋል። ጥቁር ኮት ከነጭ ሸሚዝ ጋር ሲለበስ ዓይንን የሚስበው በሁለቱ መካከል ያለው ጠንካራ ልዩነት ነው፤ የጠይምና የጥቁር ሰው ፊት ከሸሚዙ ኋላ ይቀራል፤ በፎቶግራፍ ላይ ደግሞ ይብስበታል። ጥቁር ሰማያዊና ግራጫ ይህን ልዩነት ያለዝቡታል። ፈዛዛ ሰማያዊ ሸሚዝ ሲታከልበት ፊት ይጎላል። ክሬምና የአሸዋ ቀለምም ለጠቆረ መልክ እጅግ ያምራሉ፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ልብስነት ሳይሆን ለበጋ ቀን ተጨማሪነት ነው።

ቀለም በጨርቁ ላይ ብቻ ያለ ነገር እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ከሚያርፍበት ብርሃንና ከኋላው ካለው ነገር ጋር አብሮ ይለዋወጣል። በመስከረም 26 ቀን 1960 በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ጆን ኬኔዲና ሪቻርድ ኒክሰን በቺካጎ በቴሌቪዥን ሲከራከሩ፣ ኒክሰን የለበሱት ፈዛዛ ግራጫ ሙሉ ልብስ በጥቁርና ነጭ ምስል ከስቱዲዮው ግድግዳ ጋር ተመሳስሎ ነበር፤ የኬኔዲ ጠቆር ያለ ልብስ ግን ከግድግዳው ተለይቶ ወጣ። በልብስ መደብር ውስጥም የሚሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። በመብራት ሥር ጥቁር የመሰለው ልብስ ፀሐይ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይገኛል፤ በመብራት ሥር አንድ የመሰሉ ኮትና ሱሪም ውጭ ሲወጡ ይለያያሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ገዢው ልብሱን ይዞ ወደ መደብሩ በር፣ የቀን ብርሃን ወደሚገባበት ይጠጋ፤ ከጥቁር ጫማው ወይም ከቀበቶው አጠገብ አድርጎም ያስተያየው። ይህን የሚከለክል ሻጭ ካለ፣ ልብሱን ትቶ መሄድ ይሻላል።

ይህ ጥንቃቄ በተለይ የሚያስፈልገው ለሌላ ሰው ለሚገዛ ነው። በባሕረ ሰላጤው የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለአባታቸው፣ ለወንድማቸው ወይም ለሚያገባ ዘመዳቸው ሙሉ ልብስ ገዝተው ይልካሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምርጫው የሚደረገው በማታ፣ ከሥራ በኋላ፣ በመደብር መብራት ሥር ነው፤ ስምምነቱም በስልክ በተላከ ፎቶግራፍ ይጸናል። የስልክ ካሜራ ግን የብርሃኑን ቀለም በራሱ እያስተካከለ ሰማያዊውን ጥቁር፣ ግራጫውንም ሰማያዊ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ልብሱ ደሴ ወይም ጅማ ደርሶ በጠራራ ፀሐይ ሲዘረጋ የታሰበው ሌላ፣ የመጣው ሌላ ይሆናል። በቀን ብርሃን የተነሣ ፎቶግራፍ መላክ፣ ከአጠገቡም ነጭ ወረቀት ማኖር፣ የሙሽራውን ልብ ከመስበር ያድናል።

ለቀለም ይህን ያህል መጨነቅ ከንቱነት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ሐሳባቸው የሚናቅ አይደለም፤ ሰው በልብሱ አይመዘንም። ነገር ግን በዐረቦች ዘንድ የታወቀ አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር የሚበላውን ለራስህ፣ የሚለበሰውን ለሰው ብለህ ምረጥ ይላል። ይህ ለሰው ዓይን መገዛት ተደርጎ ሊታይ ይችላል፤ ሆኖም ጨዋነትም ነው። በሌላው ቤት ደስታ ላይ የሚገኝ ሰው ልብሱ ከሙሽራው በላይ እንዳይጮህ መጠንቀቁ ለባለቤቱ የሚሰጠው ክብር ነው። አማርኛም እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ ይላል።

ከሁኔታው ጋር ያልተጣጣመ ቀለም ምን ያህል እንደሚያወራ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በነሐሴ 28 ቀን 2014 አይተውታል፤ ቀኑ በጎርጎርዮሳውያን ነው። በዚያን ዕለት ስለ ሶርያና ስለ ዩክሬን ለጋዜጠኞች መግለጫ ሲሰጡ የለበሱት የአሸዋ ቀለም ያለው ሙሉ ልብስ ነበር። ለበጋ ወር የተለመደ ቀለም ነው፤ ነገር ግን የብዙዎች ወሬ ከመግለጫው ይልቅ በልብሱ ላይ አተኮረ። ፕሬዚዳንት ቃላቸውን በማግሥቱ ሊደግሙት ይችላሉ። ለአሥራ አምስት ደቂቃ ቃለ መጠይቅ የቀረበ ሥራ ፈላጊ ግን ሁለተኛ ዕድል የለውም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ለአንድ ሌሊት ብቻ የሚሆን የሚያብረቀርቅ ቀይ ወይም ወርቃማ ልብስ በወራት ደመወዝ የሚገዙ ሙሽሮች አሉ። ደስታቸው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ዳግመኛ የማይለበስ ልብስ ወደ ኢስራፍ ያዘነብላል። የሠርጉን ድምቀት በከረባቱ ቀለም መግለጽ ይቻላል፤ ሙሉ ልብሱ ግን ከሠርጉ በኋላ ለሚመጣው ሕይወትም ያገልግል። ከረባቱም ሲመረጥ ከንጹሕ ሐር አለመሠራቱን ማየት ለሙስሊም ወንድ የሚገባ ጥንቃቄ ነው።

ቀለሙ ከተመረጠ በኋላ ዕድሜውን የሚያረዝሙት ጥቂት ልማዶች ናቸው። ጨርቁ ቀለል ያለና የማያብለጨልጭ ይሁን፤ ለሙቀት ገበሩ ግማሽ ብቻ ቢሆን ይመረጣል። ኮትና ሱሪ ሁልጊዜ አብረው ወደ ላውንደሪ ይግቡ፤ ሱሪው ብቻውን ደጋግሞ ከታጠበ ቀድሞ ይደበዝዝና ከኮቱ ይለያል። ሲተኮስም ከላዩ ስስ ጨርቅ ይነጠፍበት።

ነጭ ልብስ ለሙስሊም የተመከረ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ለጁሙዓና ለዒድ ነጩ ጀለቢያ ቦታውን ይዟል። ሙሉ ልብስ ይህን እንዲተካ አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት በቀጣሪ ቢሮም፣ በኒካሕ ሥነ ሥርዓትም፣ በልጅ ምረቃም ባለቤቱን ሳያሳፍር ማቅረብ ነው። ከጉባኤው የተመለሱ ሰዎች የልብሱን ቀለም ረስተው የሰውየውን ፊትና ቃል ካስታወሱ፣ ገንዘቡ በደንብ ወጥቷል ማለት ነው።