የአብራሪዎች ማኅበር ጥቅም በደመወዝ ብቻ ይለካልን?

የአየር መንገድ አብራሪዎች በሠራተኛ ማኅበር ከመደራጀት ይጠቀማሉ ወይ የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በደመወዝ ነው። ለዚህ ማስረጃ አይታጣም፤ በአሜሪካ የዴልታ አብራሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. ባጸደቁት የኅብረት ስምምነት በአራት ዓመታት ከ30 በመቶ በላይ ጭማሪ አግኝተዋል። ነገር ግን ወቅቱ አብራሪ የጠፋበት ስለነበር ጭማሪውን በሙሉ የማኅበሩ ፍሬ ማድረግ ያስቸግራል።

በእኔ እምነት ትልቁ ጥቅም የሚታየው በድካም ጉዳይ ላይ ነው። «ደክሞኛልና ዛሬ አልበርም» የሚል አብራሪ ብቻውን ከሆነ እንጀራውን ያሰጋል፤ የኅብረት ስምምነት ያለው ግን የሚሟገትለት አካል አለው። በ2009 እ.ኤ.አ. በቡፋሎ አቅራቢያ የኮልጋን አውሮፕላን ተከስክሶ 50 ሰዎች ሲሞቱ፣ መርማሪዎች በዋናነት የካፒቴኑን የተሳሳተ ምላሽ ቢጠቅሱም የአብራሪዎች ድካም አብሮ መነጋገሪያ ሆነ። የሟቾች ቤተሰቦች ያላሰለሰ ግፊት አደረጉ፤ የአብራሪዎች ማኅበርም ለጉዳዩ ተሟገተ። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሥራ በፊት ቢያንስ የ10 ሰዓት ዕረፍት ግዴታ ሆነ። የጭነት አውሮፕላን አብራሪዎች ግን ከደንቡ ውጭ ቀሩ፤ የዩፒኤስ አብራሪዎች ማኅበር ፍርድ ቤት ድረስ ቢሄድም አልሆነለትም።

ጥቅሙ ያለ ዋጋ አይገኝም። በማኅበራቱ ስምምነቶች መሠረት የበረራ መስመርም ሆነ የካፒቴንነት ማዕረግ የሚደለደለው በቅጥር ቅደም ተከተል ነው። ሃያ ዓመት ያገለገለ ካፒቴን ኩባንያ ቢቀይር ከዝርዝሩ ግርጌ ይጀምራል፤ ስለዚህ ቅር ቢለውም አይለቅም። የደመወዝ ሠንጠረዦችን ብቻ የሚያነጻጽር ጥናት ይህን ኪሳራ አያገኘውም።