ሙሉ መጽሐፍ ስጡን!

ለመሆኑ ከመካከላችን ሁለተኛ ደረጃ ሳለ፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አንድ ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ማን ነው? እኔ አላነበብኩም። የደረሰኝ ቁራጭ ምንባብ ነው፤ ከሥሩ አምስት ጥያቄ፣ «እውነት ወይም ሐሰት»፣ ከዚያ ደወል። ሰውየው ኋላ ምን እንደሆነ የጠየቀ «ፈተና ላይ አይመጣም» ተብሎ ይቀመጣል። (የጠየቅኩት እኔ ነበርኩ።)

«የተማሪው እንግሊዝኛ ደካማ ነው፣ መጽሐፍ ይከብደዋል» ይሉናል። ዋና እስኪችል ወንዝ አይግባ ማለት እኮ ነው! ሳያነብ በምን ይጠንክር?

ደግሞስ የከበደው የቱ ነው? ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በ1964 እ.ኤ.አ. የታተመውን «ዊፕ ኖት፣ ቻይልድ» የጻፈው እንደኛው ተማሪ ሳለ፣ ማኬሬሬ ነው። ቋንቋው ቀላል፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር። ንጆሮጌ የሚባለው ልጅ ከወንድሞቹ ተለይቶ ትምህርት ቤት ይላካል፤ አባቱ የአያቶቹ በነበረ መሬት ላይ ለነጭ ተቀጥሮ ይሠራል። «መሬት ላራሹ» በተጮኸበት አገር ይህ የማይገባው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አለ? የቤተሰቡን ተስፋ ከደብተሩ ጋር ተሸክሞ የሚመጣውስ ስንቱ ነው!

የራሳችን ዳኛቸው ወርቁም «ዘ ተርቲንዝ ሰን»ን በእንግሊዝኛ ጽፎ በ1973 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ አሳትሟል። አበሻ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ መጻፉን እንኳ የሰማሁት እዚህ ግቢ ከገባሁ በኋላ ነው።

ብዙዎቻችን ነገ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆነን እንወጣለን። ለክፍሉ ሁሉ የሚበቃ ቅጂ ባይገኝ፣ አንዱን ይዞ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ጮክ ብሎ ማንበብ ይቻላል። ይህን ማን ከለከለን?